«መንኮራኩር አርባ»ን ለሁለት ወንድማማች የማካፈል አስቸኳይ ስብሰባ

የ«መንኮራኩር አርባ» ተከታታይ ፊልም ወዳጆች ድረ ገጽ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ ምክትል ሰብሳቢው ከተማውን ለቀው ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰብሳቢው ፎቶ ቤት የኋላ ክፍል፣ ባሕርና ዘንባባ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ተሰበሰበ። ስብሰባው የተጠራው ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። የተጀመረው ግን አስር ሰዓት ላይ ነው፤ ሰብሳቢው የሚያነሱት ሕፃን አልስቅ ብሎ ስላስቸገረ።

የተገኙ፦

ሀ) ሰብሳቢ፤ ፎቶ አንሺ፣ የጸሐፊዋ ታላቅ ወንድም።

ለ) ምክትል ሰብሳቢ፤ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ፣ ድረ ገጹን በገዛ እጃቸው የሠሩ፣ የጸሐፊዋ ታናሽ ወንድም።

ሐ) የጥርስ ሐኪሟ፤ የታሪክ ትክክለኛነት ክፍል ኃላፊ። ክፍሉ ሌላ ሠራተኛ የለውም።

መ) ኮሎኔል፤ የስፖርት አስተማሪ። በውትድርና አንድም ቀን አላገለገሉም። ማዕረጉን ያገኙት የመንኮራኩሯን መኮንኖች የደንብ ልብስ በልካቸው አሰፍተው ሰው ሠርግ ላይ ለብሰው በመገኘታቸው ነው።

ሠ) ጸሐፊ፤ የሁለቱ ወንድማማቾች እህት፣ መሐል ላይ የተወለደች፣ እስከ ዛሬም ከመሐል ያልወጣች።

ያልተገኙ፦ ሁለት መሥራች አባላት። አንደኛው አግብተዋል። ሌላኛው የእግር ኳስ ድረ ገጽ ከፍተው ሰው የሚያነበው ሆኖላቸዋል። ከእንግዲህ ይመለሳሉ ተብሎ አይጠበቅም።

ከሰባቱ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ። ወንበር ግን አልተሟላም። ኮሎኔል ሕፃናት ፎቶ በሚነሱበት የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀመጡ፣ ቅር የተሰኙም አይመስሉም ነበር።

ለአዲስ አንባቢ የተሰጠ ማብራሪያ (አዲስ አንባቢ ከተገኘ፤ ተስፋ አይቆረጥም)፦ «መንኮራኩር አርባ» ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ የጠፋባት የጠፈር መንኮራኩር ታሪክ ነው። አርባ ክፍል ነበረው። ከስድስት ዓመት በፊት ሠላሳ ዘጠነኛው ክፍል በቴሌቪዥን ሲታይ ሰብሳቢው ሠርግ እያነሱ ስለነበር አመለጣቸው። ምክትሉ ግን ቤታቸው ሆነው አዩት፤ አይተውም ዝም ማለት አቃታቸውና በድረ ገጹ ግንባር ላይ በትልልቅ ፊደል «ካፒቴኗ ሞተች!» ብለው ጻፉ። ከሠርገኞቹ አንዱ በስልኩ አንብቦ ለሰብሳቢው በደግነት ነገራቸው። በዚያች ቅጽበት የተነሳው ፎቶ ላይ ሙሽራው አንገት የለውም። ምክትሉ ጽሑፉን ወዲያው አጥፍተውታል። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብሳቢው የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ላለማየት፣ ታናሽ ወንድማቸውንም ላለማነጋገር ማሉ። ድረ ገጹን ግን አንዳቸውም ለሌላው መተው ስላልሆነላቸው ይህ ኮሚቴ ተቋቋመ። በደንቡ አንቀጽ አራት መሠረት ሁለቱ የሚነጋገሩት በጸሐፊዋ በኩል ብቻ ነው። ጸሐፊዋ የሰማችውን ሁሉ ትመዘግባለች፤ የመዘገበችው ሁሉ በድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ሌላ ቤተሰብ ተኮራርፎ ይታረቃል፤ የእኛ ቤተሰብ አጀንዳ ይይዛል።

አጀንዳ ፩፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ሰብሳቢው ባለፈው ቃለ ጉባኤ «ሰብሳቢው ተቆጡ» ተብሎ የተጻፈው ስሕተት መሆኑን፣ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ እንጂ እንዳልተቆጡ ገልጸው እንዲታረም ጠየቁ። ምክትል ሰብሳቢው በጸሐፊዋ በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ሻጭ ደንግጦ በሩን መዝጋቱን አስታወሱ። ሰብሳቢው በጸሐፊዋ በኩል፣ ጫማ ሻጩ አባል እንዳልሆነ መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቃለ ጉባኤው «ሰብሳቢው ሳይቆጡ ጮኹ» በሚል ማሻሻያ እንዲጸድቅ ተወሰነ።

በዚህ መሐል ሰብሳቢው ብርድ ገባ ብለው፣ በሩ እንዲዘጋ በጸሐፊዋ በኩል ምክትሉን ጠየቁ። ምክትሉ በሩ ለሰብሳቢው እንደሚቀርብ በጸሐፊዋ በኩል አሳሰቡ። ጸሐፊዋ ተነስታ ዘጋችው። በስድስት ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ ድምፅ ሳይሰጥበት የተፈጸመ ሥራ ቢኖር ይህ ነው።

አጀንዳ ፪፦ የካፒቴኗ ቁልፍ

የጥርስ ሐኪሟ ባቀረቡት ሪፖርት፣ በአሥራ ሁለተኛው ክፍል የካፒቴኗ ኮት ሰባት ቁልፍ ሲኖረው በአሥራ ሦስተኛው ስድስት ብቻ እንደሆነ፣ ድረ ገጹም ይህን ሳያነሳ ዓመታት በዝምታ ማለፉ አሳፋሪ መሆኑን ገለጹ። አንድ ጥርስ ሲጎድል ሰው ሁሉ ያያል፣ አንድ ቁልፍ ሲጎድል ግን ማንም አያይም በማለት ምሬታቸውን አሰሙ።

ኮሎኔል ቁልፉ የወደቀው በሁለቱ ክፍሎች መሐል በደረሰው ፍንዳታ ካፒቴኗ ጎንበስ ስትል ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለማስረዳትም ከእንጨቱ ፈረስ ወርደው ጎንበስ አሉ። የተቀደደ ነገር ድምፅ ተሰማ። ኮሎኔል ወደ ፈረሱ ተመልሰው ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ አልተነሱም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ የጥርስ ሐኪሟም የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባል እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ ፫፦ ከጎብኚ የቀረበ ጥያቄ

አንድ ጎብኚ ከብዙ ጊዜ በፊት በአስተያየት መስጫው ላይ «ለመሆኑ መንኮራኩሯ ቤቷ ትገባለች?» ብሎ ጠይቋል። መልሱ ያለው በአርባኛው ክፍል ነው። የአርባኛው ክፍል ማጠቃለያ ደግሞ በድረ ገጹ ላይ የለም። በደንቡ መሠረት ማንኛውም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ሰብሳቢው ማንበብ አለባቸው፤ ሰብሳቢው ደግሞ አያነቡትም።

ጉዳዩ በሚነሳበት ጊዜ ሰብሳቢው እንደተለመደው ወደ ተሳለው ባሕር ፊታቸውን አዙረው፣ ጣቶቻቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከትተው የፊልሙን መግቢያ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። ዜማውን ሲጨርሱ ውይይቱ ስላላለቀ እንደገና ጀመሩ።

ምክትሉ ጎብኚው ሰው ነውና መልስ ይገባዋል አሉ። የጥርስ ሐኪሟ ጎብኚው እስካሁን ሌላ ቦታ ጠይቆ ሳያገኘው አይቀርም አሉ። ኮሎኔል ጎብኚው እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን፣ ጥያቄውን የጻፉት ገጹን ለማሟሟቅ መሆኑን ተናገሩ። በአስተያየት መስጫው ላይ በልዩ ልዩ ስም ከሚጽፉት ምን ያህሉ እሳቸው እንደሆኑ ሲጠየቁ «ማሟሟቅ ቀላል ነገር መሰላችሁ?» ከማለት በቀር ዝርዝር አልሰጡም።

ያም ሆኖ ጥያቄ ጥያቄ ነው ተብሎ፣ «ጥያቄዎ በሚመለከተው አካል እየታየ ነው» የሚል መልስ ለኮሎኔል እንዲጻፍ ተወሰነ። ጸሐፊዋ የሰብሳቢውን ትከሻ ነክታ ወደ ስብሰባው መለሰቻቸው።

አጀንዳ ፬፦ ድረ ገጹን ማካፈል

ሰብሳቢው ምክትሉ ወደ ወደብ ከተማ የበረዶ ፋብሪካ ተቀጥረው መሄዳቸው እውነት መሆን አለመሆኑን በጸሐፊዋ በኩል ጠየቁ። ምክትሉ ይህን ባለፈው ስብሰባ እንዳስመዘገቡ፣ ሰብሳቢውም አንብበው እንደፈረሙበት በጸሐፊዋ በኩል መለሱ።

ሰብሳቢው «ንገሪው» አሉ፤ «እንዲህ ያለ ነገር ‹ልዩ ልዩ› ስር ይነገራል? ከአምፖል መግዣ ቀጥሎ?»

ጸሐፊዋ አስተላለፈች።

ምክትሉ «ንገሪው» አሉ፤ «ሌላ የምነግርበት ቦታ ሰጥቶኛል?»

ጸሐፊዋ ይህንንም አስተላለፈች። ሁለቱም የተቀመጡት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ የገደል ማሚቶ ሆና መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ የገደል ማሚቶ እንኳ ተናጋሪው ዝም ሲል ታርፋለች።

ሰብሳቢው ወሬውን ትተው ወደ ክፍፍሉ እንዲገባ አዘዙ። ከአንደኛው እስከ ሃያኛው ክፍል ያለው ለሰብሳቢው፣ ከሃያ አንደኛው እስከ አርባኛው ለምክትሉ እንዲሆን ቀረበ። ሰብሳቢው እኩሌታው ፍትሐዊ ነው አሉ፤ የመጨረሻዎቹን ክፍሎች በነፃ ቢሰጧቸውም እንደማይፈልጉ በጸሐፊዋ በኩል አክለው ገለጹ። የጥርስ ሐኪሟ የመንኮራኩሯ ወጥ ሠሪ ሮቦት በሁለቱም ወገን ክፍሎች ስለሚገኝ ተቆርጦ ሊከፈል እንደማይችል፣ ስለዚህ ለእሳቸው እንዲሰጥ ጠየቁ። ኮሎኔል የደንብ ልብሶቹን ፎቶዎች ጠየቁ። የአስተያየት መስጫውንስ ማን ይውሰድ ሲባል፣ ለሚጽፉበት ለራሳቸው ይመለስላቸው ተብሎ ለኮሎኔል ተሰጠ። የሟች ቤት ዕቃ የሚካፈል ዘመድ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያፍራል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ክፍፍሉ በአራት ድጋፍ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገችው ጸሐፊዋ ናት። ምክንያቷን የጠየቃት ስለሌለ ራሷ ትመዘግበዋለች፦ ድረ ገጹ ሁለት ከሆነ ኮሚቴ አያስፈልግም። ኮሚቴ ከሌለ ስብሰባ የለም። ስብሰባ ከሌለ ሁለቱ ወንድሞቿ በእሷ በኩል እንኳ መነጋገር ያቆማሉ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ሆነው በዚያው ይረሳሳሉ። እናታቸው በሕይወት ብትኖር ሁለቱንም በአንድ ጫማ ትመታቸው ነበር። ጸሐፊዋ ግን ያላት ሥልጣን የመጻፍ ብቻ ነው። ይህን ጽፋም ማንም አላነበበላትም፤ በዚያን ሰዓት ሮቦቱን ማን ይወስዳል በሚለው ላይ እንደገና ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር።

አጀንዳ ፭፦ የይለፍ ቃል ርክክብ

ድረ ገጹን ለመክፈል ሰብሳቢው የይለፍ ቃሉን ማወቅ አለባቸው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ምክትሉ ብቻ ናቸው። ሰብሳቢው ምክትሉ የይለፍ ቃሉን እንዲናገሩ በጸሐፊዋ በኩል ጠየቁ። ምክትሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የጥርስ ሐኪሟ እጃቸውን አውጥተው ሥነ ሥርዓት ጠየቁ።

የጥርስ ሐኪሟ አንቀጽ ዘጠኝን አነበቡ። አንቀጹ የወጣው ምክትሉ አንድ ጊዜ የይለፍ ቃሉን ለሰብሳቢው በጸሐፊዋ በኩል ተናግረው፣ ጸሐፊዋም እንደ ደንቡ መዝግባ፣ እንደ ደንቡ በድረ ገጹ ላይ ካወጣችው በኋላ ነው። በማግስቱ ድረ ገጹ ፍራሽ ይሸጥ ነበር። ኮሎኔል አንድ ገዝተዋል። ከዚያ ወዲህ የይለፍ ቃል በጽሑፍ እንዳይሰፍር፣ በሦስተኛ ሰው ጆሮም ሆነ አፍ እንዳያልፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

በአንቀጽ አራት መሠረት ምክትሉ ለሰብሳቢው በቀጥታ መናገር አይችሉም። በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት በሌላ ሰው በኩል መናገር አይችሉም። ጉባኤው ነገሩ ሲገባው ወደ ሰብሳቢው ዞረ። ሁለቱንም አንቀጾች ያረቀቁት ሰብሳቢው ነበሩ።

የመፍትሔ ሐሳቦች ቀረቡ። ኮሎኔል ምክትሉ ፊደሎቹን በአካል እንቅስቃሴ እንዲያሳዩ ሐሳብ አቀረቡ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን በሱሪያቸው ምክንያት ማሳየት እንደማይችሉ ገለጹ። የጥርስ ሐኪሟ ሁላችንም ስለምናይ ምስጢር አይሆንም አሉ። ኮሎኔል እንግዲያው የጸሐፊዋ ጆሮ በጥጥ ይደፈንና በእሷ በኩል ይተላለፍ አሉ። ጆሮዋ ከተደፈነ ምን ታስተላልፋለች ሲባሉ፣ «እሱ ይታሰብበታል» አሉ። በስልክ ይነገር የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር፤ ሰብሳቢው ከምክትሉ ቁጥር ሲደወል እንደማያነሱ አስታወቁ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው እንዲህ ከሆነ ድረ ገጹ ጨርሶ ይዘጋ አሉ። ነገሩ ቀድሞም ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ብለው ካሜራቸውን ይወለውሉ ጀመር። የካሜራው መስተዋት ግን ንጹሕ ነበር።

ምክትል ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነሱ። የመብራቱን ማቆሚያ ዞረው፣ የእንጨቱን ፈረስ ከነኮሎኔሉ አልፈው፣ ከሰብሳቢው ወንበር አጠገብ ቆሙ። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ ብዕሯን አነሳች፤ ከዚያ አንቀጽ ዘጠኝ ትዝ ሲላት አስቀመጠችው። ከዚህ በታች ያለው በኋላ ከትዝታ የተጻፈ ነው።

ምክትሉ ጎንበስ ብለው በሰብሳቢው ጆሮ አንሾካሾኩ።

ሰብሳቢው «አልሰማሁም» አሉ።

የጥርስ ሐኪሟ ቀና አሉ። ቃሉ የተነገረው ለጸሐፊዋ አልነበረም።

ምክትሉ ደገሙት።

«አሁንም አልሰማሁም። አጥርተህ ተናገር እንጂ፤ ድሮም ቃል ትውጣለህ።»

ሰብሳቢው ከመንገድ ማዶ ያለ ደንበኛ በፎቶዎቻቸው ሲያላግጥ ሳይቀር የሚሰሙ ሰው መሆናቸውን ጸሐፊዋ ታረጋግጣለች። ምክትሉ ሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ አሉ። አሁን ሹክሹክታው ረዘመ። ኮሎኔል «የምን የይለፍ ቃል ነው፣ ደብዳቤ ሆነ እኮ!» ሲሉ የጥርስ ሐኪሟ ቆነጠጧቸው። ምን እንደተባለ ጸሐፊዋ አልሰማችም። በስድስት ዓመት ውስጥ ወንድሞቿ የተባባሉትን ሳትሰማ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው፤ ባለመስማቷ ደስ አላት። አልቅሳለችም። ይመዝገብ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት ነው።»

«ማን ያደርስሃል?»

«ታክሲ።»

«የምን ታክሲ! እኔ የለሁም?»

ምክትሉ አፍንጫቸውን ሳቡ። በክፍሉ ውስጥ አቧራ እንዳለ ኮሎኔል መሰከሩ።

ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው እጃቸውን አውጥተው፣ ራሳቸው ለራሳቸው ዕድል ሰጥተው፣ ምክትል ሰብሳቢው ሰኞ እንዳይሄዱ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ያለ ውይይት ድምፅ ተሰጠበት፤ ይህም በኮሚቴው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። አራት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ። ጸሐፊዋ በዚህኛው ድምፀ ተአቅቦ አላደረገችም። የተቃወሙት ምክትሉ ናቸው፤ «ጋሼ፣ ፈርሜያለሁ እኮ» አሉ። የጥርስ ሐኪሟ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው፣ ኮሚቴው በሰው እንጀራ ላይ የመወሰን ሥልጣን እንደሌለው በዝግታ አስታወቁ። ሰብሳቢው «ደንቡን ማን ነው የጻፈው!» ብለው ጮኹ። በዚህ ጊዜ ተቆጥተው እንደነበር ራሳቸው እንዲመዘገብ ፈቅደዋል።

የሚከተለው ውሳኔ ተላለፈ፦ በዛሬው ስብሰባ ከአጀንዳ አንድ እስከ አምስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ድረ ገጹ አይከፈልም። ሮቦቱ ባለበት ይቆያል። ለኮሎኔል የተጻፈው መልስ አይላክም፤ ሰምተውታል። የቁልፉ ንዑስ ኮሚቴ ፈርሷል፤ የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባል ተቃውሟቸውን አስመዝግበዋል። አንቀጽ አራት ተሰርዟል። የምክትል ሰብሳቢው ጉዞ ብቻ አልተሻረም፤ እሱን የወሰነው ይህ ጉባኤ አይደለም።

ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተዘጋ። የተዘጋው በሰብሳቢው አይደለም፤ ሰብሳቢው ምክትሉን ይዘው ባሕሩ በተሳለበት መጋረጃ በኩል ጥግ ገብተው ነበር።

«እሺ ንገረኝ፤ እውነት ሞታለች?»

«አልናገርም፣ ጋሼ! አንዴ ተናግሬ ስድስት ዓመት ከፍያለሁ።»

«እኔ ታላቅህ ነኝ፤ ተናገር ስልህ ተናገር!»

«ነገ አብረን እናየዋለን፤ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል አይወጣኝም።»

«ለነገው ሠርግ ሌላ አንሺ እቀጥራለሁ፣ እኔ አላነሳም። ግን አንድ ነገር ብቻ…»

ይህ ቃለ ጉባኤ እንዲጸና የሁለቱ ፊርማ ያስፈልገዋል። ሁለቱም አልፈረሙም። ወረቀቱን ይዤ ሁለቴ ጠራኋቸው፤ አልሰሙኝም።